ከሞተሩ ሥር ሦስት ብረት

«ነዳጁና ፍሬኑ ተምታተውባት ነው፤ ሌላ ምንም የለውም» አሉ አጎቴ ሳሎን ተቀምጠው። እኔ የጥርስ ብሩሼን አፌ ውስጥ እንደሰካሁ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ። ንግግሩ ለእናቴ ነው፤ ድምፁ ግን የተመጠነው ወጥ ቤት ዕቃ የምታጥበው እህቴ እንድትሰማ ተደርጎ ነው። «አዲሱ ሹፌር፣ ባለሠላሳው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። ቁልፉን እሰጠዋለሁ። ሠላሳ ዓመት መሪ ላይ የኖረ ሰው ነው። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል የተባለው ለከንቱ አይደለም።» እናቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ሲናገሩ ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ማስተካከል ያዘች። የወጥ ቤቱ ውሃ መውረዱን አላቆመም። ገብቼ ሳይ እህቴ አንድ ብርጭቆ ታጥባለች፤ እኔ ጥርሴን ፍቄ እስክጨርስ ያንኑ ብርጭቆ አራት ጊዜ አጠበችው። ትንሽ ብትቆይ ብርጭቆው አልቆ ውሃው ብቻውን ክብ ሆኖ ይቆም ነበር።

እህቴ በአጎቴ አሮጌ ፒክአፕ የአጎቴን እንቁላል ለሱቅና ለኬክ ቤት ማድረስ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆናት። ጉድጓዱን ሁሉ በስሙ ታውቀዋለች። በስድስት ዓመት ውስጥ የሰነጠቀችው እንቁላል አንድ እጅ ጣት አይሞላም፤ ዳገት ስትወጣ አስኳሉ እንኳ ከነጩ አይነቃነቅም ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ግን ኬክ ቤቱ በር ላይ ካለው አቀበት ልትነሳ ስትል መኪናው ጮሆ ተወረወረና የኬክ ቤቱን የማስታወቂያ ሰሌዳ ገንድሶ ቆመ። ሠላሳ ሠላሳ የያዙ ሃያ ሁለት ትሪዎች ሜዳ ላይ ፈሰሱ። የሰፈሩ ውሾች እስከ ዛሬ ፀጉራቸው ያበራል። የጋራዡ ሰውዬ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን በእጁ ነቅነቅ አደረገና «ጤነኛ ነው» አለ። መኪናው ጤነኛ ከሆነ በሽተኛዋ ሹፌሯ ናት ማለት ነው፤ አጎቴ ቁልፉን የዚያን ዕለት ወሰዱ።

«እስቲ ንገሪኝ እታለም» አልኳት፣ ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብዬ።

«ስንቴ ልንገር? ነዳጅ ነካ አድርጌ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አደረግኩ። ከኮፈኑ ሥር ጓ አለ። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ፤ እሱ ግን ካነሳሁ በኋላ ጮኸ። እግሬ ፍሬን ላይ ነበር» አለችና እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «ይሁን ተወው። ማን ሊሰማኝ ነው።»

ጓ ያለው ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እኔ የበርና የመስኮት በያጅ ነኝ፤ የመኪና ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርት ቤትም ስድስተኛ ክፍል ላይ «በኋላ እመለሳለሁ» ብዬ እንደወጣሁ ነው። ብረት ግን ሲዋሽ አውቃለሁ፤ ውሸት ሙያዬ ነዋ። ግቢ ወጥቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሁሉም ሰው ወደ ታች ወደ ሞተሩ ነው ያየው፤ እኔ ወደ ላይ የኮፈኑን ሆድ አየሁ። ቀለሙ ላይ አዲስ የተፋቀ፣ የድስት ክዳን የሚያህል ክብ አለ። ልኩ ከሞተሩ የአየር ማጣሪያ ክዳን ጋር አንድ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ኮፈኑን በራሱ መትቶታል ማለት ነው። በተቀመጠበት መቀመጥ የነበረበት ሞተር ምን ሊያይ ተነሳ?

ሞተር ባዶ ብረት ላይ አይቀመጥም። ግራና ቀኙን አንድ አንድ፣ ከኋላው ካምቢዮው ሥር ደግሞ አንድ፣ በሁለት ላሜራ መሀል ላስቲክ የተጋገረባቸው ትራሶች አሉት፤ ሳፖርት ይሏቸዋል። ከመኪናው አጽም፣ ከሻንሲው ጋር አስረው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ክሪኩን ከእንጨት ጋር ሞተሩ ሥር አስገብቼ ትንሽ ብቻ ከፍ ሳደርገው የግራው ትራስ እንደ አፍ ተከፈተ። ላስቲኩ ከላሜራው ሙሉ በሙሉ ተላቋል። ክሪኩን ሳወርደው አፉን ገጠመና ንጹሕ ሰው ሆነ። የጋራዡ ሰውዬ ያየው የገጠመውን አፍ ነው። መኪናው ሊነሳ ሲል ሞተሩ በግራ ጎኑ ብድግ ይላል፤ ብድግ ሲል የነዳጁን ገመድ ይዞ ይወጣል፤ ገመዱ ሲሳብ ነዳጅ ይጨምራል፤ ነዳጅ ሲጨምር የባሰ ብድግ ይላል። የሰው እግር እዚህ ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም።

እየሮጥኩ ለእናቴ ነገርኳት። «ሞተሩ ተነስቶ ራሱ ነዳጁን ይስባል!» አልኳት። እናቴ በሐዘኔታ አየችኝ። «እሺ፤ ከዚያ ደግሞ ወርዶ ገበያ ሄደ በለኛ» አለች። አልፈርድባትም። ሰፈር ውስጥ ቀደዳ ነው የሚሉኝ። አንድ ጊዜ የአጎቴ ዶሮ እንዳይንከባለልባት ብላ አራት ማዕዘን እንቁላል ጣለች ብዬ አውርቼ ሦስት ሰው ሜትር ይዞ መጥቷል። በሕይወቴ ትልቁን እውነት ባገኘሁበት ቀን የሚገዛኝ አጣሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ግን የነበረን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

መለዋወጫ ሱቁ ጥግ ላይ ነው። ሻጩ የተቀደደውን ሳፖርት ፎቶ በስልኬ አይቶ ሳቀ። «ይሄንን መኪና የሠራው ፋብሪካ ራሱ ረስቶታል። ላዘዝልህ ብል ሁለት ወር ነው፤ ዋጋው ደግሞ የወር ተኩል የቤት ኪራይህ» አለኝ። ተመልሼ መሥሪያ ቤቴ፣ ማለትም ከግቢው ጀርባ ያለችው የቆርቆሮ ዳሴ ሥር ገባሁ። ላስቲክን ከብረት ጋር መጋገር ፋብሪካ ይፈልጋል፤ ብረትን ከብረት ጋር ማጋባት ግን የኔ ሙያ ነው። ከተጣለ የጭነት መኪና መከላከያ የቆረጥኩት ጣት የሚያህል ወፍራም ላሜራ ነበረኝ፤ ግድግዳው የወፈረ የውሃ ቧንቧም ነበረኝ። ትራሱ ይቅርና ሞተሩ ድንጋይ ላይ ይተኛ ብዬ ቆረጥኩ።

የግራውን አሮጌ ሳፖርት ፈትቼ ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አስቀመጥኩና ለካሁት፤ ስልሳ ሚሊ። ቧንቧውን ስልሳ ላይ ቆረጥኩ፣ ከላይና ከታች ላሜራ ሰፋሁበት፣ በትራፓኖ ቡሎን ማስገቢያውን በሳሁ። ብየዳዬ ላይ ጉራ አልነዛም፤ የዓሣ ቅርፊት ነው በሉትና ዝም በሉ። ሁለተኛውንም በዚያው ልክ ሠራሁ። እህቴ መቼ እንደመጣች አላየኋትም፤ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ የኔን አሮጌ ቱታ ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ሁለቱን ይዘን ገጠምን። ሞተሩ ቁመት ጨመረ፤ እንግዳ ሲመጣበት እንደሚነሳ ሰው ከወገቡ ከፍ ብሎ ቆመ። ቬንቲላተሩ የራዲያተሩን ሽፋን ሊልሰው ደረሰ፤ ኮፈኑም አልዘጋ ብሎ አዛጋ።

«የለካኸው ተፈትቶ ነው ተጭኖ?» አለች እህቴ።

«ተፈትቶ ነዋ፤ ሞርሳው ላይ።»

«ትራስ ባዶውን ሲለካና ራስ ሲተኛበት አንድ ነው እንዴ? ሞተሩ ስንት ዓመት ተኝቶበታል።» አጎንብሳ የቀኙን አሮጌ ሳፖርት መልሳ በቦታው አስገባች፤ ሞተሩን አሳርፋበት እዚያው እንደተጫነ ለካችው። ሃምሳ ሁለት። ስምንት ሚሊ ተሳስቻለሁ። ለበር ስምንት ሚሊ ምንም አይደለም፤ በር ስቆ ያልፈዋል። እዚህ ግን ሁለቱንም ብየዳ ፈልጬ ቧንቧውን አሳጥሬ እንደገና መስፋት ነበረብኝ። ሰዓቱ አምስት ተኩል ነው። አልተሳደበችም፤ ግራይንደሩን አንስታ ሰካችልኝ። ከብረቱ የሚወጣው ብልጭታ ቱታዋ ላይ ሲያርፍ ወደ ኋላ እንኳ አላለችም።

ሁለቱ ሲያልቁ እኔ እጄን መታጠብ ጀመርኩ። እህቴ ግን ከመኪናው ሥር አልወጣችም። «የኋላውስ?» አለች።

«የካምቢዮው ላስቲክ ደህና ነው። የፊቶቹ ይበቃሉ።»

«አይበቁም። ሁለቱ ድርቅ ብለው አንዱ ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ ጭነቱ ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። የካምቢዮው ጆሮ ይሰበራል። ሁለት ሰው ግትር ሆኖ ሦስተኛው እሺ እሺ የሚልበት ቤት አታውቅም? የሚሰበረው ማን ነው?»

ማንን እንዳለች አልጠየቅኳትም። ሦስተኛውን ሠራሁ። ይሄኛው ከሁሉም አስቸገረ፤ ቡሎኖቹ አንድ መስመር ላይ አይደሉም፣ አንዱ ወደ ጎን ሸሽቷል። በካርቶን ቀደን ልኩን አወጣን፤ ካርቶኑን ላሜራው ላይ አስቀምጠን በምስማር ጫርን፣ ቆረጥን፣ በሳን። ሲገባ ሁለት ጊዜ እንኳ በመዶሻ አልነካሁትም። ክሪኩን አውጥተን ሞተሩ ሦስቱ ብረቶች ላይ ሲያርፍ ምንም ድምፅ አልተሰማም። መፍቻውን ጥዬ መሬት ላይ ተዘርሬ አየሁት። ከተማ ውስጥ ያለ በር ግማሹን የሠራሁት እኔ ነኝ እያልኩ ስንት ዓመት አውርቻለሁ፤ ያን ቀን ከሠራሁት የሚበልጥ ነገር ግን በወሬ እንኳ ሠርቼ አላውቅም። ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር።

«ግሩም ነው» አለች እህቴ፤ እጇን ብረቱ ላይ አሳረፈች። ከዚያ «አሁን ፍታቸው» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«አሮጌዎቹን መልሰህ እሰር። ሦስቱንም እንደነበሩ።»

ፀሐይ መታት ብዬ አሰብኩ። ትከሻዬ ሞቷል፣ ዐይኔ በብየዳ ቀልቷል። «እታለም፣ ተሠራ እኮ! አሁን እግሩን አጥፎ ይቀመጣል፤ አይነሳም።»

«ለዚህ ነው ፍታቸው የምልህ። ባለሠላሳው መጥቶ ሲነዳው ጸጥ ካለ ጋሼ ምን ይላሉ? ወንድ ሲይዘው ጸጥ አለ ይላሉ። ብረቱን ብታሳያቸው ቀደዳ ነው ይላሉ። የተቀደደውን ላስቲክ ብታሳያቸው ራስህ ቀደድከው ይላሉ።» ድምፅዋ አልጨመረም። «እንቁላሉ ተሰብሮ ተጠርጓል። እኔ አልተጠረግኩም። ሲያደርገው ዐይናቸው ይይ።»

ስለዚህ ፈታኋቸው። በሕይወቴ የሠራሁትን ምርጥ ሥራ በራሴ እጅ ፈትቼ በጨርቅ ላይ ደረደርኩ፤ ውሸታሙን ላስቲክ መልሼ በክብር አሰርኩ። እሷ በበኩሏ ስለ ደኅንነቱ አንድም ነገር አልረሳችም። ለአራቱም የመኪናው ጎማ ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ሰጠች፤ የኋላ መንጠቆውን በሰንሰለት ከግቢው የብረት ምሰሶ ጋር አሰረችው፤ ምሰሶውን የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ዝሆን ቢያስሩበት ዝሆኑ ነው የሚነቀል። እናቴን ከፊት ለፊት አስነስታ ደረጃው ላይ አስቀመጠቻት።

አጎቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከባለሠላሳው ጋር ገቡ። ባለሠላሳው ቀጠን ያለ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ገና ሳይቀመጥ ሠላሳ ዓመት መሪ ላይ መኖሩን የሚነግር ሰው ነው። አጎቴ ሰንሰለቱን አይተው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? በሬ ነው እንዴ?» አሉ። እኔ አፌን ስከፍት እህቴ ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ መኪናው የእርስዎ ነው፣ ቁልፉንም ለፈለጉት ይስጡ። ከመስጠትዎ በፊት ግን አምስት ደቂቃ ብቻ። እሳቸው ይቀመጡ። እርስዎ በበሩ በኩል ሆነው እግራቸውን ይመልከቱልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

አጎቴ እናቴን አዩ። እናቴ ይህን ጊዜ የምታስተካክለው የጠረጴዛ ልብስ አልነበረም። «ይዩላት እንጂ» አለች። በሕይወቴ እናቴ አጎቴን ስታዝ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ባለሠላሳው ከአጎቴ ቁልፉን ተቀብሎ ሰካና ተቀመጠ። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው በተከፈተው በር ሥር ቁጢጥ አሉ። እህቴ በወዲያኛው መስኮት ገብታ እጇን ቁልፉ ላይ አኖረች። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ በጎን ቆምኩ። «አንደኛ ያስገቡ» አለች። «ነዳጅ ነካ፤ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ለቀቅ። ከዚያ እግርዎን ወደ ፍሬን ይውሰዱ።» ባለሠላሳው ፈገግ ብሎ አደረገው። ሞተሩ በግራ ጎኑ ብድግ አለ። እኔ አውቀው ነበር፤ ግን አይቼው ወደ ኋላ ዘለልኩ። ከእንቅልፉ በእርግጫ እንደተቀሰቀሰ ሰው ነው የተነሳው። የነዳጁ ገመድ ተወጠረ፤ ጩኸቱ ግቢውን ሞላው፤ ሰንሰለቱ ተገተረ፤ ጎማው ድንጋዩን ማኘክ ጀመረ። የአጎቴ ዶሮዎች ከኋላ ግቢ አብረው ጮኹ።

«እግሬ ፍሬን ላይ ነው!» ብሎ ጮኸ ባለሠላሳው። «ጌታዬ ይመልከቱ! ፍሬን ላይ ነው!»

አጎቴ ይመለከቱ ነበር። አፍንጫቸው ከሚያበራው ጫማ አንድ ስንዝር አይርቅም። እህቴ ቁልፉን መለሰችው፤ ጸጥ አለ። ሞተሩ ወርዶ ተቀመጠና አፉን ገጠመ፤ ምንም እንዳላደረገ። አጎቴ ከቁጢጣቸው አልተነሱም። የባለሠላሳው ጫማ አሁንም ፍሬኑ ላይ ነው፤ ሊያነሳው ፈርቷል።

ባለሠላሳው ጥሩ ሰው ነው፤ ይህን ለመናገር አልሰስትም። ወርዶ ላቡን ጠረገና እህቴን «አቀበት ላይ ነው እንዲህ ያደረገሽ?» አላት። «አዎ» አለች። «በስንት ሜትር አቆምሽው?» «በአራት።» ወደ አጎቴ ዞረ። «ጌታዬ፣ እኔ ብሆን ኬክ ቤቱ ውስጥ ገብቼ ከደንበኞቹ ጋር ነበር የምቀመጠው። ሹፌር አለዎት፤ እኔን ለምን አደከሙኝ?» ብሎ ጨብጧት ሄደ።

አጎቴ ተነስተው ጉልበታቸውን አራገፉ፤ ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት። ይቅርታ የሚባለውን ቃል አጎቴ አያውቁትም፤ ልጅ ሆነው ያልተማሩት ነገር ነው። ጨርቁ ላይ ወደተደረደሩት ሦስት ብረቶች ሄደው አንዱን አነሱ። ክብደቱን መዘኑ፤ ብየዳውን በጥፍራቸው ዳበሱ። «ይሄን ማን ነው የሠራው?» አሉ። «እኛ» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጨመርኩበትም። ኮታቸውን አውልቀው ለእናቴ ሰጧትና የእጅ ባትሪውን ያዙ። እኔና እህቴ ሥር ሆነን ስናስር አጎቴ ከላይ አበሩልን፤ አንዳንዴ ዐይናችን ላይ፣ ግን አበሩልን። የመጨረሻው ዳዶ ሲጠብቅ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መቀመጫው ላይ አስቀመጡት። በእጇ አልሰጧትም። እሷም ከመቀመጫው ላይ አነሳችው።

እዚህ ላይ ስለ ብረት ሳፖርት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትራስ የሌለው ሞተር ምስጢር አይጠብቅም። የሚሰማውን ሁሉ ለሻንሲው፣ ሻንሲው ለወንበሩ፣ ወንበሩ ለጥርስ ይነግራል። ስታስነሳው የዳሽቦርዱ ኪስ ራሱ ተከፈተ፤ የጎን መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰፈር ሁሉ መጨፈር ያዘ። የእናቴን ፍራሽ አጥፈን ከኋላ ዘርግተን ሠላሳ ትሪ እንቁላል ጫንበት። «እንቁላሉ ተመትቶ ሲደርስለት ኬክ ቤቱ መምቻ ማሽኑን ይሸጣል» አልኩ። እናቴ ሳቀች። አጎቴ አልሳቁም፤ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ገብተው መሀል ተቀመጡ፤ እኔ በስተዳር ተለጠፍኩ።

ዳገቱን ስንጋመስ ፍሪጅ የጫነ የእጅ ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ መንገዱ መሀል ላይ አቅም አጣ። እህቴ ቆመች። ሙሉ ጭነት፣ ቁልቁለቱ ከኋላ፣ የእጅ ፍሬኑን አልሳበችም፤ በፍሪሲዮኑ ብቻ እዚያው ሰቅላ ያዘችው። መኪናው ወደፊትም ወደኋላም አንዲት ስንዝር አላለም። ያለንበት ነገር ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ የአጎቴ መነጽር ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ይጓዛል፣ ጉንጫቸው ይርገበገባል፣ የኔ ጥርስ ይንገጫገጫል፤ ጫማቸው ደግሞ ወለሉ ላይ የሌለ ፍሬን ፈልጎ ረግጧል። የእህቴ እጅ ግን መሪው ላይ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

ሰውየው ጋሪውን ወደ ግራ ጎትቶ ትንሽ ክፍተት ሰጠ። እህቴ በቀኝ ልታልፍ ፈልጋ አንገቷን አሰገገች፤ በሚጨፍረው መስታወት የሚታይ ነገር የለም። ይሄን ጊዜ አጎቴ፣ የመኪናውም የዶሮውም ጌታ፣ በኔ ላይ ተጋድመው ግማሽ አካላቸውን በመስኮት አወጡ። እንደ ታክሲ ረዳት የመኪናውን በር በመዳፋቸው ሁለቴ መቱት።

«ቀ-ቀ-ቀኙ ነ-ነጻ ነው!» ብለው ጮኹ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ። «ነ-ነይ ልጄ! ነይ፣ እኔ አ-አይልሻለሁ!»